ፖዘቲቭ ኮንትሮል በዕፅዋት ፒሲአር ላይ፦ እንዴት ይዘጋጃል፣ እንዴት ይነበባል

«ባንድ አልወጣልኝም፣ ምን ላድርግ?» የሚል መልእክት ከጄል ፎቶ ጋር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ፒሲአር አንድን የተመረጠ የዲኤንኤ ክፍል በማሽን የሚያባዛ ዘዴ ነው፤ የተባዛው ዲኤንኤ ጄል ላይ ባንድ የሚባል መስመር ሆኖ ይታያል። ከባሕር ዳርም፣ ከደብረ ማርቆስም፣ ከእንጅባራም የሚጽፉልኝ ተማሪዎች ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው። እኔም መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ፖዘቲቭ ኮንትሮሉስ ምን አሳየ? ብዙዎቹ «አላስገባሁም» ይሉኛል። የቀሩት ደግሞ «እሱማ ቦግ ብሎ ወጥቷል» ይላሉ። ሁለተኛውም መልስ ቢሆን ብዙ አይረዳም፤ ለምን እንደማይረዳ ከታች ታገኙታላችሁ። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ ሙሉውን አሠራር እዚህ ላስቀምጠው።

ፖዘቲቭ ኮንትሮል ማለት የምትፈልጉት የዲኤንኤ ክፍል እንዳለበት አስቀድማችሁ የምታውቁት ናሙና ነው። እሱ ባንድ ካልሰጠ የሌሎቹ ባዶ መሆን ምንም አይነግራችሁም። እሱ ሰጥቶ የእናንተ ናሙና ዝም ካለ ግን ችግሩ ማስተር ሚክሱ (ኢንዛይሙ ያለበት የፒሲአር ድብልቅ) ወይም ማሽኑ ላይ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ይህ የሚሠራው ግን ኮንትሮሉ የእናንተን ናሙና ሲመስል ብቻ ነው። በተክሉ ዓይነትም፣ በዲኤንኤው መጠንም፣ ባወጣጡም መምሰል አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማንነቱ በእርግጠኝነት ከታወቀ ተክል የተቆረጠ ወጣት ቅጠል። ገበያ ላይ ከተገዛ ዘር ሳይሆን ስሙ ከተመዘገበ ዝርያ ቢሆን ይመረጣል።
- ለናሙናዎቻችሁ የምትጠቀሙበት ራሱ የዲኤንኤ ማውጫ፣ ሲታብ የተባለው ኬሚካል ያለበት ቡፈርም ይሁን የተዘጋጀ ኪት
- የራሳችሁ ፕራይመር ጥንድ (የሚባዛውን ክፍል ከሁለቱ ጫፍ የሚለዩ አጫጭር ዲኤንኤዎች)
- ለማንኛውም አረንጓዴ ተክል የሚሠራ አንድ ተጨማሪ ፕራይመር ጥንድ። እኔ አርቢሲኤል የተባለውን የክሎሮፕላስት ጂን ባርኮድ (ዝርያ መለያ) ጥንድ እመርጣለሁ፣ ወደ 600 ቤዝ ፔር (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) የሚጠጋ ባንድ ይሰጣል።
- 2ኤክስ ማስተር ሚክስ፣ ኒውክሌዝ የሌለበት ውሃ፣ ቲኢ ቡፈር
- ቢኤስኤ፣ ኢንዛይሙን ከሚያፍኑ ነገሮች የሚከላከል ፕሮቲን (ሁልጊዜ አያስፈልግም፣ ግን ፍሪዘር ውስጥ ይኑር)
- ፊልተር ያላቸው ቲፖች፣ 0.2 ሚሊ ሊትር ቲዩቦች፣ በረዶ፣ ጓንት፣ የማይለቅ ማርከር
- አጋሮዝ (ጄሉ የሚሠራበት ዱቄት)፣ ላደር (የባንዶችን ርዝመት የሚያሳይ መለኪያ ዲኤንኤ)፣ ማቅለሚያ
- በረኪናና ንጹሕ ውሃ፣ ጠረጴዛና ፒፔት ለመጥረግ

አሠራሩ

1. የትኛው ኮንትሮል የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ለዩ።

ሰዎች «ፖዘቲቭ ኮንትሮል» ሲሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይቀላቅላሉ። የመጀመሪያው ተዘጋጅቶ ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጠ ዲኤንኤ ነው፤ ፒሲአሩ ራሱ መሥራቱን ብቻ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ከናሙናዎቻችሁ ጎን ለጎን አብሮ የሚፈጭና አብሮ የሚወጣ የታወቀ ቅጠል ነው፤ ይህ ማውጣቱ መሳካቱን ያሳያል። ሦስተኛው በእያንዳንዱ ናሙና ላይ የሚሠራ እንደ አርቢሲኤል ያለ ጂን ነው፤ እዚያ ቲዩብ ውስጥ ሊባዛ የሚችል የተክል ዲኤንኤ አለ ወይስ የለም የሚለውን ይመልሳል። የመጀመሪያውን ብቻ አስገብታችሁ የሦስቱንም መልስ ከሱ መጠበቅ አትችሉም።

2. ተክሉን ምረጡ።

ጤፍ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ኮንትሮላችሁ ጤፍ ይሁን። ግብጦ ከሆነ ግብጦ። ያው ዝርያ ካልተገኘ የቅርብ ዘመዱ ይሁን፣ ግን ፕራይመሩ እዚያ ላይ እንደሚሠራ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የፕራይመሩ ማረፊያ ቦታ ላይ ጥቂት ቤዞች ከተለያዩ ኮንትሮሉ ሳይሠራ ይቀርና ጥሩ ማስተር ሚክስ ትጥላላችሁ።

አንድ የማይዘለል ነገር አለ። የክሎሮፕላስት ጂን በአንድ የቅጠል ሴል ውስጥ እጅግ ብዙ ኮፒ አለው፣ ስለዚህ ዲኤንኤው ቢጎዳም ብዙ ጊዜ ይወጣል። በኒውክሊየስ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ የሚገኝ ጂን ግን እንደዚያ አይደለም። አርቢሲኤል ስለወጣ ብቻ «ዲኤንኤዬ ጥሩ ነው» ብላችሁ የኒውክሊየሱ ጂን ሳይወጣ ሲቀር «ናሙናው ጂኑ የለውም» ማለት አትችሉም። የምትፈልጉት የኒውክሊየስ ጂን ከሆነ ኮንትሮሉም የኒውክሊየስ ጂን ይኑረው፣ የባንዱም ርዝመት ተቀራራቢ ይሁን። የተሰባበረ ዲኤንኤ 150 ቤዝ ፔር በቀላሉ ይሰጣል፣ 1,200 ግን ላይሰጥ ይችላል።

3. ዲኤንኤውን አውጡ፣ ጥራቱን ለኩ።

ናሙናዎቻችሁ ከማሳ መጥተው በሲሊካ ጄል የደረቁ ከሆኑ የኮንትሮሉን ቅጠልም እንዲሁ አድርቁት። ኮንትሮሉ ከላብራቶሪው ደጃፍ የተቆረጠ እርጥብ ቅጠል፣ ናሙናው ደግሞ ከዳንግላ ገጠር መጥቶ የሰነበተ ከሆነ ሁለቱን ማወዳደር ትርጉም የለውም። እንደ ቡናና ጌሾ ያሉ ፖሊፌኖል የበዛባቸው ቅጠሎች ሲሆኑ ሲታቡ ውስጥ ፒቪፒ (ፖሊፌኖልን የሚይዝ ኬሚካል) ጨምሩ። ፖሊፌኖል ሲፈጭ ይጠቁርና ከዲኤንኤው ጋር ይጣበቃል፣ ኋላም ኢንዛይሙን ያፍነዋል።

በናኖድሮፕ (ዲኤንኤን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) የንጽሕና መለኪያዎቹ 260/280 ወደ 1.8፣ 260/230 ደግሞ ወደ 2.0 ሲጠጋ ጥሩ ነው። ግን በናኖድሮፕ ብቻ አትተማመኑ፤ አርኤንኤንም እንደ ዲኤንኤ ቆጥሮ መጠኑን ያበዛዋል። ትንሽ ወስዳችሁ ጄል ላይ እዩት። አንድ ወፍራም ባንድ ከላይ ካለ ዲኤንኤው ሙሉ ነው፣ ወደ ታች የተዝረከረከ ጭረት ከሆነ ተሰባብሯል።

የመጀመሪያውን ፒሲአር ውጤት አንድ ጊዜ ሲኩዌንስ አስደርጉት (የቤዞቹን ቅደም ተከተል አስነብቡት)። አይቲኤስ የተባለውን ዝርያ መለያ የዲኤንኤ ክፍል ለምትሠሩ ይህ ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉን አቀፍ የሚባሉት የአይቲኤስ ፕራይመሮች ቅጠሉ ውስጥ የተደበቀ ፈንገስንም ያባዛሉ፣ ባንዱም ተቀራራቢ ርዝመት ሊኖረው ይችላል። ማንነቱ ያልተረጋገጠ ባንድ ኮንትሮል ሊሆን አይችልም።

4. መጠኑን አስተካክሉ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም ዋናው ነው። ኮንትሮሉ ሁልጊዜ ቦግ ብሎ የሚወጣው ከመጠን በላይ ዲኤንኤ ስለሚገባበት ነው። ያን ያህል ዲኤንኤ ሲኖር ኢንዛይሙ ግማሽ ኃይሉን ቢያጣም፣ ፕራይመሩ ቢጎዳም፣ ባንዱ ይወጣል። ጥቂት ዲኤንኤ ያላቸው ናሙናዎቻችሁ ግን ይጠፋሉ። እናንተም «ኮንትሮሌ ሠርቷል፣ ስለዚህ ናሙናዎቹ ጂኑ የላቸውም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ያ ድምዳሜ ቴሲስ ውስጥ ገብቶ ሊቀር ይችላል፣ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ዲኤንኤውን በቲኢ ቡፈር ወደ 10 ናኖግራም በማይክሮሊትር አምጡት። ከዚያ 1፣ 0.1 እና 0.01 አድርጋችሁ አቅጥኑት፤ 10 ማይክሮሊትር ከላይኛው ወስዶ 90 ማይክሮሊትር ቡፈር ላይ መጨመር ነው። በየደረጃው ቲፕ ቀይሩ፣ ቮርቴክስ አድርጉ፣ በአጭሩ አሽከርክሩ። እያንዳንዱን በሦስት ቲዩብ ፒሲአር ሥሩ። በሦስቱም ውስጥ ባንድ የሰጠውን የመጨረሻውን ቀጭን ደረጃ ፈልጉ። የዕለት ተዕለት ኮንትሮላችሁ ከሱ 10 እጥፍ የሚበልጠው ይሁን። ለምሳሌ 0.1 በሦስቱም ከወጣ ኮንትሮሉ 1 ናኖግራም በማይክሮሊትር ይሆናል ማለት ነው። ያንን 0.1 ራሱንም «ደካማ ኮንትሮል» ብላችሁ አስቀምጡት። ማስተር ሚክሱ መድከም ሲጀምር መጀመሪያ የሚደበዝዘው እሱ ነው፣ ናሙናዎቻችሁ ሳይበላሹ ያስጠነቅቃችኋል።

ናኖግራም ብቻውን ደግሞ ያታልላል። 1 ናኖግራም የጤፍ ዲኤንኤ ውስጥ ከ1,000 በላይ የጂኖም ኮፒ አለ። በ1 ናኖግራም የዳቦ ስንዴ ዲኤንኤ ውስጥ ግን ከ60 ያነሰ ነው፣ የስንዴ ጂኖም እጅግ ግዙፍ ስለሆነ። በሌላ በኩል 3,000 ቤዝ ፔር የሆነ ፕላስሚድ (በባክቴሪያ ውስጥ የሚባዛ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) 1 ናኖግራሙ 300 ሚሊዮን ገደማ ኮፒ ይይዛል። ፕላስሚድ በኮንትሮልነት ከተሰጣችሁ እጅግ አቅጥኑት፣ ለናሙናዎቻችሁ ማስተር ሚክስ በምታዘጋጁበት ክፍልም አትክፈቱት። ከአንድ ጠብታ የሚነሳው ብናኝ ላብራቶሪውን ለረጅም ጊዜ ይበክላል።

5. ከፋፍላችሁ አስቀምጡ።

በየቲዩቡ 10 ወይም 20 ማይክሮሊትር አድርጋችሁ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። የተክሉን ስም፣ መጠኑንና የተዘጋጀበትን ቀን ጻፉበት። አንድ ትልቅ ቲዩብ ደጋግሞ ቢቀልጥና ቢረጋ ዲኤንኤው ይሰባበራል፣ በየጊዜው ሲከፈትም ይበከላል። መብራት ሲሄድ ፍሪዘሩ ሁሉንም በአንዴ ያቀልጣል፤ ከተቻለ ግማሹን ሌላ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉ። ኮንትሮሉን ከማስተር ሚክሱና ከፕራይመሩ ጋር በአንድ ሳጥን አታስቀምጡ።

6. ፒሲአሩን አዘጋጁ።

8 ናሙና አላችሁ እንበል። በተጨማሪ አንድ ከማውጣቱ የመጣ ባዶ (ቅጠል ሳይገባበት አብሮ የወጣ)፣ አንድ አብሮ የወጣ የታወቀ ቅጠል፣ አንድ ኮንትሮል፣ አንድ ደካማ ኮንትሮል፣ አንድ ውሃ ብቻ የሚገባበት። 13 ሆነ። ለብክነት አንድ ጨምሩና ለ14 አዘጋጁ፦

- ማስተር ሚክስ 175 ማይክሮሊትር
- ፕራይመሮች፣ ከየአንዳንዳቸው 14 ማይክሮሊትር (10 ማይክሮሞላር የሆነው)
- ውሃ 133 ማይክሮሊትር

በየቲዩቡ 24 ማይክሮሊትር አድርጉ፣ ከዚያ 1 ማይክሮሊትር ዲኤንኤ። ሁሉም ከአንድ ድብልቅ መቀዳታቸው ወሳኝ ነው። ለኮንትሮሉ ለብቻው ድብልቅ ከሠራችሁ ስለ ናሙናዎቹ ድብልቅ ምንም አይነግራችሁም።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ናሙናዎቹን ጨምሩና ክዳናቸውን ዝጉ። የውሃው ቲዩብ እስከዚያ ድረስ ክፍት ይቆይ፣ በአየርና በእጅ የመጣ ብክለት ካለ እሱ ላይ እንዲታይ። ከዚያ ውሃውን ጨምራችሁ ዝጉት። ኮንትሮሎቹን ከሁሉም በኋላ ክፈቱ፣ ደካማውን ቀድማችሁ። ኮንትሮሉ መጀመሪያ ከተከፈተ ወደ ናሙናዎቹ ሊረጭ ይችላል፣ ያኔ ሁሉም «ፖዘቲቭ» ይሆናሉ።

7. ማሽኑ ላይ ጫኑ።

መነሻ የሚሆን ፕሮግራም፦ 95 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ፤ ከዚያ 35 ዙር 95 ዲግሪ ለ30 ሰከንድ፣ 55 ዲግሪ ለ30 ሰከንድ፣ 72 ዲግሪ ለ1 ደቂቃ፤ መጨረሻ ላይ 72 ዲግሪ ለ7 ደቂቃ። 55ቱን እንደ ፕራይመራችሁ ቀይሩት። 35ን ወደ 45 አታሳድጉት፣ ያኔ የውሃው ቲዩብም ባንድ ማውጣት ይጀምራል።

እኛ አገር ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ ውሃ እዚያ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ 92 ገደማ ነው። ስለዚህ 95 ዲግሪ ላይ ክዳኑ በደንብ ያልተዘጋ ቲዩብ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይፈላል፣ ይተናል። ክዳኖቹን አንድ በአንድ ተጫኑ፣ የማሽኑ ክዳን ማሞቂያ 105 ዲግሪ መድረሱን አረጋግጡ። ኮንትሮሉን ሁልጊዜ መሐል ቦታ ላይ አታስቀምጡ፤ አንዳንዴ ዳር አድርጉት። ዳር ያሉት ቀዳዳዎች በደንብ የማይሞቁ ከሆነ የሚታወቀው እንዲያ ነው።

መብራት መሐል ላይ ቢቋረጥና ማሽኑ ከቆመበት ቢቀጥልም ያንን ሥራ በኮንትሮሉ ፍረዱ፣ በተለይም በደካማው። እሱ ከጠፋ ሁሉንም ድገሙ።

8. ጄል።

1.5 በመቶ አጋሮዝ ለ200 እስከ 1,000 ቤዝ ፔር ይበቃል። ላደር፣ ናሙናዎች፣ የውሃው ቲዩብ፣ አንድ ባዶ ቀዳዳ፣ ከዚያ ኮንትሮሎቹ። ባዶዋ ቀዳዳ አትዘለል። ከኮንትሮሉ ትንሽ ወደ ጎን ቢፈስ ናሙናችሁ ላይ ሐሰተኛ ባንድ ይታያል፣ አንባቢም ሊያምናችሁ አይችልም።

9. አንብቡ።

ከናሙናዎቹ አትጀምሩ። መጀመሪያ የውሃውን፣ ቀጥሎ ኮንትሮሉን፣ ከዚያ ደካማውን፣ በመጨረሻ ናሙናዎቹን ተመልከቱ።

የውሃው ቲዩብ ባንድ ካለው ብክለት ነው፤ ጄሉ ምንም ያህል ቢያምር ውጤቱን አትጠቀሙበት። ውሃውን፣ ፕራይመሩንና ማስተር ሚክሱን አንድ በአንድ በአዲስ ቀይራችሁ ምንጩን ፈልጉ። ከታች፣ ከ100 ቤዝ ፔር በታች፣ ደብዘዝ ያለ ጉም ብቻ ከሆነ ግን የፕራይመር ዳይመር (ፕራይመሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው የሚሠሩት) ሊሆን ይችላል፣ ብክለት አይደለም።

ኮንትሮሉም ናሙናዎቹም ባዶ ከሆኑ ድብልቁ ወይም ማሽኑ አልሠራም። ስለ ናሙናዎቹ አንድም ነገር አትጻፉ፣ ድገሙ። ናሙናዎቹ ወጥተው ኮንትሮሉ ብቻ ከቀረ ወይ ዲኤንኤው ተጎድቷል ወይ ሳይጨመር ቀርቷል፤ በአዲስ ቲዩብ ድገሙት። ባንድ የወጣባቸውን ናሙናዎች ልትይዙ ትችላላችሁ፣ ባዶ የሆኑትን ግን «የለውም» ማለት አይቻልም።

ኮንትሮሉ ባንድ ሰጥቶ፣ ከናሙናዎቹ ጋር ዲኤንኤው የወጣለት የታወቀ ቅጠል ባንድ ካልሰጠ ችግሩ ማውጣቱ ላይ ነው። ሁለቱም ወጥተው ናሙናዎቻችሁ ብቻ ባዶ ከሆኑ ወደሚቀጥለው ፍተሻ እለፉ።

ናሙናው ፒሲአሩን ያፍን እንደሆነ ለመፈተሽ

ሦስት ቲዩብ አዘጋጁ። አንደኛው 1 ማይክሮሊትር ናሙናና 1 ማይክሮሊትር ውሃ፣ ሁለተኛው 1 ማይክሮሊትር ኮንትሮልና 1 ማይክሮሊትር ውሃ፣ ሦስተኛው 1 ማይክሮሊትር ናሙናና 1 ማይክሮሊትር ኮንትሮል። በድብልቁ ውስጥ ያለውን ውሃ በየቲዩቡ በ1 ማይክሮሊትር ቀንሱት፣ ጠቅላላው 25 እንዲሆን። ሁለተኛው ወጥቶ ሦስተኛው ከጠፋ ወይም በጣም ከደበዘዘ፣ ናሙናው ውስጥ ኢንዛይሙን የሚያፍን ነገር አለ። ፖሊፌኖልና ፖሊሳካራይድ ዋነኞቹ ናቸው። ሦስተኛውም እንደ ሁለተኛው ከወጣ ግን አፋኝ የለም፤ ወይ ዲኤንኤው አንሷል፣ ወይ ፕራይመሩ አይገጥምም፣ ወይ በእርግጥም ጂኑ የለም። የአርቢሲኤሉ ሥራ የሚረዳችሁ የመጀመሪያውን ለመለየት ነው፤ የፕራይመር አለመግጠምን ከጂን አለመኖር ግን እሱ ብቻውን አይለይም።

አፋኝ ካለ መጀመሪያ ናሙናውን 10 እጥፍ አቅጥኑት። ዲኤንኤ መቀነስ ባንድ ያመጣል መባሉ ግራ ያጋባል፣ ግን አፋኙም አብሮ ስለሚቀጥን ብዙ ጊዜ ይሠራል። ካልሆነ ቢኤስኤ በመጨረሻው መጠን 0.4 ማይክሮግራም በማይክሮሊትር አድርጋችሁ ለሁሉም ቲዩብ፣ ለኮንትሮሎቹም ጭምር፣ ጨምሩ። ያም ካልሠራ ዲኤንኤውን በኮለም እንደገና አጽዱት።

ጥንቃቄ

- ክሎሮፎርምና ቤታ መርካፕቶኤታኖል ጭስ ማውጫ ባለው ሳጥን ውስጥ ብቻ ይከፈቱ።
- በረኪናን ከኪት ቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉ። ብዙዎቹ ኪቶች ጓኒዲን አላቸው፣ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።
- የጄል ማቅለሚያ የሆነው ኤቲዲየም ብሮማይድ የዘር ውርስን ሊለውጥ ይችላል። ጄሉን የነካ ጓንት በር፣ ስልክና ፒፔት አይንካ።
- አልትራቫዮሌት መብራት ያለ ዓይን መከላከያ አይታይም።
- ፒሲአር ያለቀለት ቲዩብ ድብልቅ በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ አይከፈት። ቲዩቡ ውስጥ ያለው የተባዛ ዲኤንኤ ከየትኛውም ናሙና ይልቅ ይበክላል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

የባለፈውን ፒሲአር ውጤት አቅጥኖ ኮንትሮል ማድረግ። ርካሽ ይመስላል፣ ግን እንደ ፕላስሚዱ እጅግ ብዙ ኮፒ ስለሆነ ይበክላል፤ ከዚያም በላይ ፕራይመሩ ሙሉ ጂኖም ውስጥ ቦታውን ማግኘቱን አይፈትንም።

ሌላው ኮንትሮሉን ትናንት ሠርቶ ናሙናዎቹን ዛሬ መሥራት ነው። የትናንቱ ስለ ዛሬው ማሽን አይመሰክርም። በእያንዳንዱ ዙር ይግባ፣ ናሙናው አንድ ብቻ ቢሆንም። ቲዩብ ለመቆጠብ ብሎ እሱን መተው ኋላ ላይ ሁሉንም መድገም ያመጣል።

ድንች ወይም በርበሬ ላይ ባክቴሪያ የምትፈልጉ ደግሞ ይህን አስታውሱ። ሁሉን አቀፍ የ16ኤስ (የባክቴሪያ መለያ ጂን) ፕራይመሮች የተክሉን ክሎሮፕላስትም ያባዛሉ። ጤናማው ተክል ባንድ ቢሰጣችሁ አትደንግጡ፣ ኮንትሮሉም ሠራ አትበሉ። ለዚያች ባክቴሪያ ብቻ የተሠራ ፕራይመርና የባክቴሪያዋ የራሷ ዲኤንኤ ያስፈልጋችኋል።

ኮንትሮሉን ስለ መተካት

የተከፋፈለው ኮንትሮል ሁለት ወይም ሦስት ቲዩብ ሲቀር አዲሱን አዘጋጁ፣ እስኪያልቅ አትጠብቁ። አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ድብልቅ፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ጄል ላይ አብራችሁ ሥሩ። ባንዳቸው በድምቀት ከተቀራረበ አዲሱን ተጠቀሙ። አዲሱ ከደመቀ አቅጥኑት፣ ከደበዘዘ ደረጃ 4ን ድገሙ። የለወጣችሁበትን ቀንና አዲሱ ከየትኛው ተክል እንደመጣ በላብ ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ የባንዱ ድምቀት ለምን እንደተለወጠ ከዚያ ያገኘዋል።